የቀኝ ብብቱ ስፌት

የማስተሳሰሪያው አዳራሽ ኃላፊ ኮቱ የሚተረተረው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ቀኝ ብብቱ ስር። ግራው ደህና ነው፣ ክርኑ ደህና ነው፣ ከስብሰባ የተረፈ ብስኩት የሚሸጎጥበት ኪሱ እንኳ ቅርጹን አልለቀቀም። ቀኝ ብብቱ ግን ብዙም ሳይቆይ አፉን ይከፍታል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ኮቱን ለክታ፣ ቆርጣ፣ ሰፍታ ያለበሰችው እሷ ናትና ነገሩ ሙያዋን የነካባት ያህል ያንገበግባታል።

"ለመሆኑ እዚያ ቤት ሥራህ ምንድን ነው?" ትለዋለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። "ከዛፍ ላይ ፍሬ ነው የምታወርደው? ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ብብቱ እንዴት ይተረተራል?"

"ኃላፊነት ነው፣ አንቺ ሴትዮ። ኃላፊነት ከባድ ነው" ይላታል ደረቱን ነፋ አድርጎ። ዋሽቷል ማለት አይቻልም፤ እውነቱን ነግሯታል ማለትም አይቻልም።

እውነቱ ይኼ ነው። ሰውየው የሚሠራበት ቤት ሙሉ ስሙ "የምሁራን፣ የኢንዱስትሪ፣ የባህልና የፖሊሲ ዘርፎች ማስተሳሰሪያ የጋራ ማዕከል" ይባላል። ስሙ ከመርዘሙ የተነሳ በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ አልበቃ ብሎት የመጨረሻው ቃል ግድግዳው ላይ ወጥቶ ነው የተጻፈው። ሰው መቼ ይኼን ሁሉ ሊያነበንብ ነው፣ "ማስተሳሰሪያው" ብሎ ተገላገለ። ዓላማው ሲወራ ያምራል፤ ዩኒቨርሲቲ ያወቀውን ፋብሪካ ይሥራው፣ ፋብሪካ የሠራውን ጥበብ ያሳምረው፣ ሦስቱ የተስማሙበትን ደግሞ ፖሊሲ ሥርዓት ያስይዘው ነው ነገሩ። ይኼን ማን ይጠላል? ጠረጴዛው ሳይቀር ክብ ተደርጎ ተሠራ፤ ራስጌና ግርጌ እንዳይኖረው። ዋና ዳይሬክተሯ ብቻ የወንበራቸውን ማስተካከያ ስበው ከሌላው ከፍ ብለዋል፤ ለወገባቸው ነው አሉ።

ደንቡ አንድ ነገር ላይ ግትር ነው። አራቱም ዘርፍ እጁን ካላነሳ ምንም አይወሰንም። ሦስት እጅ ተነሳ ማለት ምንም አልተነሳም ማለት ነው። ይኼን ደንብ ያወጡት ሰዎች ሰው ስብሰባ እንደሚቀር አልታያቸውም መሰለኝ፤ ምናልባት እነሱም ሲያወጡት ግማሹ ቀርቶ ይሆናል።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ባህልን ወክሎ የመጣው አንድ ሰዓሊ ነበር። ኢንዱስትሪን የወከለው ባለፋብሪካ ገና ሻይ ሳይቀዳ "የናንተ ዘርፍ የዓመት ምርት ምን ያህል ይሆናል?" ብሎ ጠየቀው። ሰዓሊው "አንድ ሥዕል ጀምሬያለሁ፣ አላለቀም" አለ። ምሁራንን የወከሉት ፕሮፌሰር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ያልተጠናቀቀ ውጤት" ሲሉ ጻፉ። ሰዓሊው ትንሽ አሰበና ሲጋራ ላጭስ ብሎ ወጣ። እስካሁን እያጨሰ ነው።

ከላይ የመጡ እንግዶች በር ላይ ቆመዋል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ዳይሬክተሯ ዓይናቸውን ቢያንከራትቱ ውሃ የሚያድለውን የአዳራሹን ኃላፊ አዩት። ኮት ለብሷል፣ ጸጉሩ ሸበት ብሏል፣ ዝም ማለት ይችልበታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

"ጋሼ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ እዚህ አረፍ ይበሉ" አሉት።

አረፍ አለ። ፊት ለፊቱ "ባህል" የሚል ሰሌዳ ቆሟል። "የተስማማችሁ" ሲባል ሦስት እጅ ተነሳና የሁሉም ዓይን እሱ ላይ አረፈ። ምን ያድርግ? አነሳ። ተጨበጨበ። በዕድሜው የተጨበጨበለት ያን ቀን ነው። ሰው አይደል፣ ደስ አለው።

ያቺ አንድ አፍታ ዓመታት ወለደች። ባለፋብሪካው ሲቀር ኢንዱስትሪ ሆነ፣ ፕሮፌሰሩ ለጉባኤ ባሕር ሲሻገሩ ምሁር ሆነ። አንድ ጊዜማ ባህልም ኢንዱስትሪም አብረው ጎደሉ። የኛ ሰው ባህል ወንበር ላይ ሆኖ እጁን አነሳ፣ ብድግ አለና ዞሮ ኢንዱስትሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ደግሞ አነሳ። ፕሮፌሰሩ "በዘርፎቹ መካከል የሚታየው እንቅስቃሴ እጅግ የሚያበረታታ ነው" ብለው አስተያየት ሰጡ። ለቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከልባቸው ነው።

እሱም ቢሆን ጨዋ አልነበረም፣ እናውራ ከተባለ። ወንበሩን ወደደው። ጠዋት ማይክሮፎን ሲፈትሽ እንደድሮው "አንድ፣ ሁለት" ማለት ትቶ "ክቡራንና ክቡራት" ማለት ጀመረ። ቤቱም ገብቶ አላረፈም። ሚስቱ "ቧንቧው ያንጠባጥባል" ስትለው "ባለድርሻ አካላትን ማወያየት ያስፈልጋል" ይላል። ባለድርሻ አካሉ እሱ ነው! ልጁ የቤት ሥራ ከበደኝ ስትለው "ከዘርፈ ብዙ አቅጣጫ እንየው" ይልና ሶፋው ላይ ይጋደማል። ቧንቧውን መጨረሻ ላይ የጠገነችው ሚስቱ ናት፤ በላስቲክና በሸማኔ ቋጠሮ።

የሷ ሱቅ ከማዕከሉ ጀርባ፣ ጠባቧ መንገድ ላይ ነው። ከደጁ የተወጠረ ሰማያዊ ሸራ፣ አንድ በእግር የምትሾር የስፌት መኪና፣ ጥጉ ላይ መጋረጃ፣ መጋረጃው ጀርባ መስታወትና ጠባብ አግዳሚ አለ። ጎኗ ጫማ ሰፊ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ቁልፍ ቀራጭ። የዩኒቨርሲቲው የምርቃት ጋውን የሚጠበው እዚያ ነው። የፋብሪካው ቱታ የሚጣፈው እዚያ ነው። የቲያትር ቤቱ ንጉሥ ካባውን የሚያስረዝመው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሹማምንት በስብሰባ ብዛት የጠበባቸውን ሱሪ የሚያሰፉትም እዚያው ነው። ሱሪያቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ ሁሉም እንደ ጎረቤት ይጫወታሉ። ፕሮፌሰሩና ባለፋብሪካው እንኳ አንድ ቀን በካልሲ ብቻ ተቀምጠው ስለ ጥጥ ክር ደህና ነገር ተነጋግረው ነበር። ሱሪያቸውን ሲለብሱ ረሱት።

ታዲያ አንድ ማለዳ የፖሊሲው ሰው ከአየር ላይ በተነሳ ፎቶ የተሠራ ትልቅ ፕላን ተሸክሞ መጣና ክቡ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ቀጭን፣ ንግግሩ የተተኮሰ ሸሚዝ የመሰለ ሰው ነው።

"ቀጣና ለ" አለ በእስክሪብቶው እየጠቆመ። "ጥናታችን እንደሚያሳየው የዘርፎች ትስስር እጅግ ዝቅተኛ የሆነበት አካባቢ ነው። ይነሳና የትስስር አደባባይ ይሠራበታል። መሐሉ ላይ እጅ ለእጅ የተያያዙ አራት ሐውልቶች ይቆማሉ።"

ባለፋብሪካው ለሐውልቱ ሲሚንቶውን ማን እንደሚያቀርብ ጠየቀ። ፕሮፌሰሩ "ሐውልቱ መጽሐፍ ይያዝ" አሉ። የፖሊሲው ሰው ሁሉንም ተቀበለ። የኛው ባህል ደግሞ በዚህ ሁሉ መሐል ዓይኑ ያለው ጥግ ላይ ባለው ትሪ ላይ ነው፤ የዛሬው ብስኩት ክሬም ያለበት ይሁን የሌለበት ሊለይ አልቻለም። ፕላኑ እንደሆነ እሱ በተቀመጠበት በኩል ተገልብጧል። ሁልጊዜም ተገልብጦ ነው የሚያየው።

"የተስማማችሁ" አሉ ዳይሬክተሯ።

እጁ ተነሳ። እሱ አነሳው እንዳልል፣ አላሰበበትም፤ በራሷ ጊዜ ነው የተነሳችው። ብብቱ ስር ጠርር አለ። ተጨበጨበ።

ሰው ከወጣ በኋላ ሲኒ ሊሰበስብ ጠረጴዛውን ዞረ። የፖሊሲው ሰው ቆሞ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ፕላኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በቁሙ አየው። ይኼ የማዕከሉ ጣራ ነው። ይቺ ጠባቧ መንገድ ናት። ይቺ ከላይ የተነሳች ሰማያዊ ጠብታ ደግሞ... የሚስቱ ሸራ ነው። በላዩ ላይ በቀይ መስመር ተሰርዟል።

ወንበር ላይ ተቀመጠና ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አየው። ያቺ ሴት ልጆቻቸውን ያሳደገችው በዚያ መኪና ነው። እሱ በሥራ ፍለጋ ሲንከራተት በነበረ ጊዜ ቤቱ የቆመው በዚያ መኪና ነው። አሁን እሱ ክሬም ያለበት ብስኩት ሲመኝ አፈረሰው። አፈረ፤ ተናደደም፤ የሚናደድበት ሰው ግን ከራሱ በቀር አላገኘም።

እነግራታለሁ ብሎ ኮቱን ይዞ ሱቅ ሄደ። ሚስቱ በምርቃት ጋውን ክምር መሐል ጭንቅላቷ ብቻ ይታያል።

"ደግሞ ተተረተረ?" አለችው። "አምጣው። ዘንድሮ እኮ ጋውኑን በሙሉ ለኔ ሰጡኝ። ጎኔ ያለውን ክፍል ተከራይቼ ሁለተኛ መኪና አስገባለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ምን ይመስልሃል?"

"ጥሩ ነው" አለ። "ስሚ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።"

"ንገረኛ።"

አየችው። አያት። "ብስኩት አምጥቼልሻለሁ" አለና ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ክሬም የሌለበት ነበር።

በማዕከሉ ልማድ የተወሰነው በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበባል፤ ዝም ከተባለ ጸደቀ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ምግብ አልበላም ማለት ይቻላል፣ እንቅልፉም እንቅልፍ አልነበረም። ቀኑ ደርሶ ዳይሬክተሯ "ቀጣና ለ" ብለው አንብበው ሊያልፉ ሲሉ ከባህል ወንበር ድምፅ ተሰማ።

"ይቅርታ፣ እኔ አልተስማማሁም።"

ሁሉም ወደ ማይክሮፎኑ ነው የዞሩት፤ ማይክሮፎኑ የተበላሸ መስሏቸው።

"ባህል ባለፈው ተስማምቷል" አለ የፖሊሲው ሰው በትዕግሥት። "እጁን አይተናል።"

"እኔ ባህል አይደለሁም።" ድምፁ አንዴ ወጥቷልና አላቆመም። "እኔ ወንበር ደርዳሪ ነኝ። ሰዓሊው ከወጣ ጀምሮ ማንም ባህል አልሆነም። ኢንዱስትሪም ሆኜ አውቃለሁ። ፕሮፌሰር፣ እርስዎንም ሆኜ አውቃለሁ። ስለዚህ እጄ አይቆጠርም።"

በፕሮፌሰሩ ፊት ላይ ምሁራዊ ደስታ ታየ። "አስደሳች ጥያቄ ነው። እንግዲያው በሎጂክ ካየነው፣ ይኼ እጅ ካልተቆጠረ፣ በዚህ እጅ የተወሰነ ሁሉ..." አሉና የገዛ የምርምር ተቋማቸው የተፈቀደው በዚያው እጅ መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ። ባለፋብሪካው የግብር እፎይታው ትዝ አለው። ዳይሬክተሯም የሥራ ዘመናቸው የታደሰው በማን እንደሆነ አልጠፋቸውም።

"የሻይ ዕረፍት" አሉ ዳይሬክተሯና እጁን ይዘው ኮሪደር አወጡት። "ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከእርስዎ አይጠበቅም። ምን ፈልገው ነው?"

"የሚስቴን ሱቅ እንዳትነኩ ነው፣ እመቤቴ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"እና ይኼን ቀድመው ቢነግሩን ምናለበት? እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።" ዳይሬክተሯ ከልባቸው ቅር ተሰኙ። "በሉ ግድ የለም። ቀጣና ለ ለተጨማሪ ጥናት ይመለሳል፤ አደባባዩን ቀጣና ሐ ላይ እናደርገዋለን። ታዲያ እርስዎ ያው ባህል ነዎት፣ አይደል?"

እፎይ አለ። ከልቡ እፎይ አለ። "ነኝ" አላቸው።

ያን ቀን ወደ ሱቅ የሄደው እየተንጎማለለ ነው። መደበቅ የሚባል ነገር ቀረ፤ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሰዓሊውን፣ ወንበሩን፣ ኢንዱስትሪ የሆነበትን ቀን፣ ሰማያዊዋን ጠብታ፣ ሽንጡን ገትሮ የተከራከረውን (እዚህ ላይ ትንሽ ጨመረበት)። ሚስቱ መጀመሪያ ሳቀች። ሰማያዊዋ ጠብታ ላይ ሲደርስ እጇ መኪናው ላይ ቆመ። ሲጨርስ ታመሰግነኛለች ብሎ ጠበቀ።

"ብብትህ የሚተረተረው ለዚህ ነው?" አለችው።

"ለዚህ ነው።"

"ይኼን ኮት እንግዲህ ስንት ጊዜ እንደሰፋሁት እኔም አላውቀው።" ጉልበቷ ላይ አጣጠፈችው። "ከኔ በፊት የነበሩት የማን ነበሩ?"

"ምኖቹ?"

"እጅህን ያነሳህባቸው። ያቺ ዕንቁላል የምትሸጠው ሴትዮ የት ሄደች ብዬ ስጠይቅህ 'እኔ ምን አውቃለሁ' ብለኸኝ ነበር።"

"ካርታው እኮ ሁልጊዜ ወደነሱ ዞሮ ነው የሚቀመጠው" አለ። "እኔ ጋ ተገልብጦ ነው የሚታየው።"

"ዞረህ አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ሐ የማን ነው?"

"አልጠየቅኩም።"

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ኮቱን አነሳችና መኪናዋ ስር አስገብታ መስፋት ጀመረች። ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ሰፋችው።

የቀጣና ሐ ስብሰባ ቀን ሁሉም ሞቅ ብሏቸዋል። ፕሮፌሰሩ "ጋሼ" ብለው እጁን ጨበጡት፣ ባለፋብሪካው የብስኩቱን ትሪ ወደሱ ገፋለት፤ ክሬም ያለበት ነው። ፕላኑ ተዘረጋ፣ እስክሪብቶው ጠቆመ፣ ትስስሩ ዝቅተኛ ነው ተባለ። የሲሚንቶው ነገር ተነሳ። ሐውልቱ መጽሐፉን ያዘ።

"የተስማማችሁ" አሉ ዳይሬክተሯ።

ሦስት እጅ ተነሳ። የኛ ሰው እጅም እንደልማዷ ጉዞ ጀመረች፤ ደረቱ ጋ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች። ሞከረ። አልወጣም አለው። ሚስቱ እጅጌውን ከጎኑ ጋር በድርብ ክር አያይዛ ገጥማዋለች። ሲኒ ለማንሳት፣ ሰው ለመጨበጥ፣ ማይክሮፎን ለመያዝ ይበቃል። ከትከሻ በላይ ግን አይሄድም።

"ጋሼ?" አሉ ዳይሬክተሯ።

"ኮቱ እምቢ አለኝ።"

ተሳቀ። "ያውልቁታ!" አለ ባለፋብሪካው።

ቁልፉን ሊፈታ እጁን ሰደደ። ያቺ ሴት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ቃል ሳትናገር፣ ያንን ስፌት ስትገጥም ታየችው። እንደማያወልቀው ተማምና ነው የሰፋችው? ወይስ ያወልቀዋል ብላ ነው? ቁልፉን ተወና ከወንበሩ ተነሳ። ክቡን ጠረጴዛ ዞሮ የፖሊሲው ሰው ጎን ሄዶ ቆመ፣ ፕላኑንም በቁሙ አየው። ጣራዎች አሉ። አንድ ግቢ፣ ግቢው ውስጥ የተሰጣ ልብስ የመሰለ ነጭ ነገር፣ በር ላይ የቆመ ጋሪ።

"ይኼ የማን ቤት ነው?" አለ።

"ቀጣና ሐ ነው" አለ የፖሊሲው ሰው።

"እሱንማ ሰማሁ። የማን ነው?"

የፖሊሲው ሰው ፕሮፌሰሩን አየ። ፕሮፌሰሩ ባለፋብሪካውን አዩ። ዳይሬክተሯ ከከፍታቸው ቁልቁል ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩ፤ ከእሳቸው በኩልም ተገልብጧል። የሚያውቅ አልነበረም። የተነሱት እጆች ትንሽ ቆዩና ሲደክማቸው አንድ በአንድ ወረዱ።